ብርቱካን ዘር የቆጠረችበት አስተርእዮ

ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ወፍጮ ቤት ያላትን ብርቱካንን የማያውቅ የለም። ምላሷ ስለት ነው ይሏታል። ቢሮ ዘመድ አለኝ ብሎ ተራ ሊቀድም የመጣን ሰው ከነጆንያው ደጅ ታቆመዋለች። ባሏ ይታየው ረጋ ያለ ሰው ነውና "ተይ እንጂ፣ ደንበኛ ይሸሻል" ሲላት፣ "ይሽሽ፤ እህሉን በጥርሱ ይፍጨው" ትለዋለች። ሰዉ ወፍጮው ነው ያደነደናት ይላል። ውሸት ነው። እኔ የአጎቷ ልጅ ራሄል ነኝ፤ ብርቱካን እንዲህ የሆነችው ገና በአሥር ዓመቷ ነው፣ ዓይኔ አይቷል። ለዚያ ያበቃትም ጓዴ የሚባለው የገዛ አባቴ ነው። አባቴ ስለሆነ አልሸፋፍንለትም።

ልጆች ሳለን፣ ጥር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁላችንም ቤተ ልሔም አጠገብ ወዳለው የአያታችን የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቤት እንሰበሰባለን። ገሚሳችን ከእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ገሚሳችን ከንፋስ መውጫ፤ መኪናው ከሚያደርሰን ወዲያ ያለው በእግር ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለይተን ሳንጨርስ ዕረፍቱ ያልቃል። ስንተኛ የገብስ ጭድ ላይ ቁርበት ይነጠፍልንና አንድ ጋቢ ለአምስት እንለብሳለን፤ ዳር የወደቀ የጋይንትን ብርድ ይቀምሳታል። ትልቋ አክስታችን እትዬ ኤልሳቤጥ አንዱን ልጅ ለመጥራት የሁላችንንም ስም ታዳርሳለች፤ ሲያቅታት "አንተ የቀለመ ወርቅ ዘር" ትላለች፣ ያኔ ሁላችንም እንዞራለን። ያንን ዕረፍት የማይወድ ልጅ ልጅ አይደለም።

በጨዋታ ብርቱካንን የሚያህላት አልነበረም። የምትጠፋው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ለአስተርእዮ ማርያም ዝክር። ከቅዳሴ መልስ አያታችን መደቡ ላይ ይቀመጡና ድፎውን ይባርካሉ። ልጆች በዕድሜያችን ተራ ቆመን ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የቆጠረ ከአያታችን እጅ ቁራሽ ይቀበላል፣ እደግ ተመንደግ ይባላል። ተራ የሚጠራው አባቴ ነበር፤ የበኩር ልጅ ነዋ።

የብርቱካን ተራ ሲደርስ አባቴ ዓይኑን አሻግሮ ቀጣዩን ይጠራል። እናቷ አልጣሽ፣ የአያታችን የመጨረሻ ልጅ፣ ሳታገባ ነው የወለደቻት። ከዚያ ወዲህ አያታችን በሰው ፊት በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። የሚጠጣ ሲፈልጉ "ከጓዳ ያላችሁ" ይላሉ። አልጣሽም እንግዳ ባለበት ከጓዳ አትወጣም፤ ብርቱካን ዳቦዋን እዚያው ከእናቷ እጅ ትበላለች። ክፉ የሚናገራት የለም፣ ይዘሏታል እንጂ። እኔ ስድብ ይሻል ነበር እላለሁ፤ ስድብ መልስ አለው።

የዚያን ዓመት በዋዜማው አባቴ አልጣሽን ጓዳ ድረስ ሄዶ "ልጅቷ እያደገች ነው፣ እንግዳ የማን ናት እያለ ይጠይቃል። ለከርሞ እንዳታመጪያት" አላት። አልጣሽ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። ብርቱካንና እኔ ከበሩ ኋላ ቆመን ሰማነው። ብርቱካን አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ግን እህል አልቀመሰችም።

በማግስቱ ቆጠራው ተጀመረ። እኔ ቆጥሬ ዳቦዬን ተቀበልኩ። አባቴ የሚቀጥለውን ልጅ "ክንዱ" ብሎ ሲጣራ ብርቱካን መሀል ቤት ቆማለች።

"የክንዱ ተራ ነው፣ ዞር በይ" አላት።

"የእኔ ነው። ክንዱን በዕድሜ እበልጠዋለሁ።"

"በማን ልትቆጥሪ ነው?"

"በእናቴ።"

"በእናት አይቆጠርም።"

"ብርቱካን የአልጣሽ፣ አልጣሽ የቀለመ ወርቅ፣ ቀለመ ወርቅ የይስሐቅ፣ ይስሐቅ የሐረገ ወይን" አለችና ቆም አለች። "ጋሼ፣ ሐረገ ወይን ወንድ ነበሩ እንዴ?"

ሐረገ ወይንን ሁላችንም በየዓመቱ እንቆጥራቸዋለን፤ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ስለያዝነው ሴት መሆናቸው ትዝ ብሎን አያውቅም። ባላቸው ከስማዳ የመጣ መሬት የሌለው እንግዳ ነበር። ርስቱ የእሳቸው ስለሆነ ዘሩም በእሳቸው ተቆጠረ። ይህን ከአባቴ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ከጎረቤት ጋር በድንበር በተጣላ ጊዜ ሽማግሌ ፊት የተሟገተው በሐረገ ወይን ስም ነበር።

"ያ ሌላ ነው" አለ አባቴ።

"ምኑ ነው ሌላ? ለመሬት ሲሆን በሴት ይቆጠራል፣ ለሰው ሲሆን አይቆጠርም?"

የአሥር ዓመት ልጅ ናት ይህን ያለችው። ዛሬም ሳስታውሰው ደረቴ ይሞላል።

አባቴ እንግዶቹን አየ፣ ፊቱ ቀላ። "እንዲያው አባትሽን ታውቂዋለሽ?" አላት። ሰው ልጅን በሰው መሀል እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

"አውቀዋለሁ። እስቴ ነው ያለው። እሱ ልጄ ብሎ አልጠራኝም፣ እኔም አባቴ ብዬ አልጠራውም።" ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች። "ሐረገ ወይን የወርቅነህ" ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሰባት ቤት ሞላች።

አያታችን እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ሲያዩ ነበር። ዳቦውን ቆረሱና እጃቸውን ዘረጉ። "ነይ፣ እደጊ" አሏት።

ብርቱካን እጇን ኋላዋ አደረገች። "አልቀበልም፣ አባባ።"

የዝክር ዳቦ ከመሪጌታ እጅ እምቢ ሲባል አይቼ አላውቅም። እትዬ ኤልሳቤጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያታችን ግን አልተቆጡም፤ "ምነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"የተቆጠርኩት በእናቴ ነው። እሷ ጓዳ ተደብቃ እኔ እዚህ አልበላም። በስሟ ይጥሯትና ትምጣ። የማይጠሯት ከሆነ ጋሼ ጓዴ አታምጪያት እያሉ አይድከሙ፣ ለከርሞ እኛው ራሳችን አንመጣም።"

አያታችን ዳቦውን መሶቡ ላይ መለሱት። የተናደዱ መስሎኝ ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልፈው የጓዳው በር ላይ ቆሙ።

"አልጣሽ" አሉ።

በሩን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉ።

"አልጣሽ፣ ልጄ፣ ነይ ውጪ። ዳቦ እየቆረስን ነው።"

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። መደቡ በሰው ሞልቷል፤ የት እንደምትቀመጥ ጠፍቷት ቆመች። አያታችን ወደ አባቴ ዞሩ።

"ጓዴ፣ ጠጋ በልላት።"

አባቴም ጠጋ አለላት።