ከመስኮቱ ያልወጣው ሽጉጥ

የካምፑ ሰው ሁሉ ሃምሳ አለቃውን «ቁጥሩስ?» በሚል ቅጽል ስም ይጠራው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በመሣሪያ ግምጃ ቤቱ መስኮት ሲቀመጥ፣ ጄኔራልም ይምጣ ምልምል፣ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው የመሣሪያውን ቁጥር ነበርና። ወታደር የግል ሽጉጥ የመያዝ መብት አለው፤ ካምፕ ሲገባ ለግምጃ ቤቱ ያስረክባል፣ ለእረፍት ሲወጣ ወረቀት አሳይቶ ይወስዳል። ወረቀቱ ከተሟላ፣ ቁጥሩም ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ መከልከል የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት የእህቱ ባል ዓይኑ ደም ለብሶ እዚያው መስኮት ላይ ቆመ። ወረቀቱ ሙሉ፣ ቁጥሩ ልክ። ሰጠው። በማግስቱ እህቱን ቀበረ። «ወጪ» የምትለው ቃል በገዛ እጁ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ አለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ አስር አለቃ የእረፍት ወረቀቱን በመስኮቱ ወረወረለት። ሚስቱ ጥላው እናቷ ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው። ወረፋ ላይ ቆሞ «እደፋታለሁ» ሲል ሃምሳ አለቃው በጆሮው ሰምቷል።

«ሽጉጤን!»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ዛሬስ ቁጥሩን ረሳው!» ብሎ አንዱ ከኋላ ሳቀ።

አስር አለቃው አልሳቀም። «ለምን የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አፍህን ዘግተህ አምጣ! የእህትህን ቂም በእኔ ልትወጣ ነው?»

የሳቀው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። ሃምሳ አለቃው ለአዛዡ ደወለ።

«ዛቻ ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«በጽሑፍ ይዘኸዋል?»

«በጆሮዬ ነው።»

«በጆሮ አንሠራም። መብቱ ነው፤ ስጠው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሃምሳ አለቃው ወደ ውስጥ ገብቶ መዝገቡን ገለጠ። ስርዝ ድልዝ የማያውቀው እጁ በሽጉጡ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለችውን ሦስት ስምንት አደረጋት።

«ቁጥሩ አይገጥምም» አለ ተመልሶ። «አጣሪ እስኪመጣ አይወጣም።»

«ውሸታም! የጻፍከው አንተ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

አስር አለቃው በፍርግርጉ በኩል ተፋበት። ሃምሳ አለቃው ፊቱን ጠረገና «ቀጣይ!» አለ።

ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ወደ ሚስትዮዋ እናት ቤት ሄደ። አሮጊቷ በሩን ገርበብ አድርገው አዩት።

«ለእህትህ ያልሆንክ ለእኛ ልትሆን ነው? ሂድ ከደጄ!»

«ይስደቡኝ እማማ፣ ግን ልጅዎ ትስማኝ» አለና ከኋላቸው ወደቆመችው ሚስት ዞረ። «ልጄ፣ ሽጉጡን ይዤልሻለሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ ግን አልችልም። እሱ የማያውቀው ዘመድ ካለሽ ዛሬውኑ ሂጂ።»

አጣሪዎቹ በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጡ። ቀለሙን በአጉሊ መነጽር አዩት። «አውቄ ነው ያደረግሁት» ብሎ ፈረመ። ማዕረጉ ተገፎ ከሠራዊቱ ተሰናበተ፤ ሽኝትም፣ የምስክር ወረቀትም አላገኘም። ሽጉጡን አዲሱ ተረኛ በዚያው ቀን ለአስር አለቃው ሰጠ።

ሃምሳ አለቃ የነበረው ሰው የዕቃ ሳጥኑን ተሸክሞ ከግቢ ሲወጣ አስር አለቃው በር ላይ ጠበቀው። የአማቱን ባዶ ቤት አይቶ መምጣቱ ነው። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነበር።

«የት ወሰድካት?»

«እሷን መዝገብ ላይ አልጻፍኳትም» አለና ሳጥኑን ወደ ሌላው ትከሻው አዙሮ አለፈ።