በመሰከርኩበት ወገብ

ወገቤ እንደተፈወሰ በማይክሮፎን የመሰከርኩ ሰው ነኝ። ጉባኤው በእልልታ ቀልጧል። ከዚያ ወዲያ የሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ በሰው ፊት እንዴት ይዋጣል?

መናኸሪያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሕመሙ በሳምንቱ ተመልሶ ስፌት ማሽኑ ላይ አላስቀምጥ አለኝ። የሚያውቀኝ እንዳያይ ኪኒኑን ለመግዛት በባጃጅ ከከተማ ወጣ ብላ እስካለችው ቱላ እሄድ ነበር።

«እህቴ፣ ይሄ በባዶ ሆድ አይወሰድም» አለችኝ ባለፋርማሲዋ። «ከአይቡፕሮፌን ጋርም አይደረብም፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሰገራሽ ከጠቆረ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂጂ።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለትማ ምን ይከብዳል!

ብዙም ሳይቆይ በቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ። የጸሎት ቡድናችን መሪ እንደ እናት የማያቸው አሮጊት ናቸው። «አንቺማ ተፈውሰሻል፣ ለሌሎቹ ተንበርከኪ» ብለው አጠገባቸው አደረጉኝ። ኪኒኑን ካልዋጥኩ መንበርከክ አልችልም። ምግብ ከቀመስኩ ጾሙን ሻርኩ። ወንበር ላይ ልቀመጥ ብል ምስክርነቴ ውሸት ሊሆን ነው። በየት በኩል ልውጣ? መጸዳጃ ቤት ገብቼ በቧንቧ ውሃ ዋጥኩ። አንዱ አልበቃ ሲለኝ አይቡፕሮፌን ደረብኩበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መድኃኒቱን ለሚደብቅ ግን አባቶቻችን ተረት አላወጡለትም።

በሦስተኛው ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አየሁት። ክፉኛ ፈራሁ፤ ተመልሼ ግን ተንበረከክሁ። ከሰዓት በኋላ እዚያው ራሴን ስቼ ወደቅሁ።

ሆስፒታል ስነቃ አሮጊቷ እጄን ይዘው ይጸልያሉ።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለኝ ሐኪሙ።

«የለም።»

«ጌታ ፈውሷት ምን ልታደርግ ትወስዳለች?» አሉ እሳቸው፣ የሚያግዙኝ መስሏቸው።

ሐኪሙ ግን አልሄደም። «ጨጓራሽ እየደማ ነው። የወሰድሽውን ካላወቅሁ እንዴት ልርዳሽ?»

ሞት አጠገቤ ቆሞ እኔ የማስበው ስለ ማይክሮፎኑ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል።

«ዲክሎፌናክ» አልኩ። «አይቡፕሮፌንም። በባዶ ሆዴ።»

አሮጊቷ እጄን ለቀቁት።

«ከመሰከርሽ በኋላ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«በመሰከርኩበት ቀን ጠዋትም ውጬ ነበር» አልኳቸው።