ያልደረሱት

ወባ በራያ ቆላ ብዙ ቤት ያራቆተችበት ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. አልፎ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ቆቦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት እንግዳ ሴት አየሁ። ከሩቅ በእግሯ እንደመጣች ተረከዟ ላይ የደረቀው ጭቃ ያስታውቃል። በበዓል ቀን ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ በመልበሷ ሴቶቹ ይጠቃቀሳሉ። ግድግዳ ተደግፋ ስታስቀድስ እጇ በየጊዜው ወደ ጀርባዋ ይሄድና አንቀልባ እንደሚያጠብቅ ሰው ይዳብሳል። ጀርባዋ ላይ ግን ልጅ የለም።

ቅዳሴው ሲያበቃ ቄስ ታረቀኝ እኛን ሊያጽናኑ ቆሙ። እሳቸውም ታመው የተነሡ ስለነበሩ ድምፃቸው ሰልሏል።

«ወገኖቼ፣ እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አደረሳችሁ።»

«አባ፣ ያልደረሱትንስ ምን ይሏቸዋል?» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ ነበር።

ቄሱ ወደ እሷ ተጠጉና፣ «እስኪ የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ፣ ልጄ» አሏት።

«ወለተ ሥላሴ፤ ኃይለ ሚካኤል። ትንሹ አርባ ቀኑ ሳይሞላ ነው የሄደብኝ፤ ስም የለውም።»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉና ሁለቱን ስሞች ጮክ ብለው ጠሩ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን ስም ጨመሩ። ሌላው የወንድሙን ጠራ፤ እኔም የእናቴን። የተዘጋጀው ስብከት ቀረና እስከ ቀትር ሙታኖቻችንን ስንጠራ ዋልን።

ስንወጣ ብዙዎቻችን አልቅሰን ቀለል ብሎን ነበር። ሴትዮዋ በዋጃ መንገድ ብቻዋን ስትሄድ አየኋት። የእሷን ስም የጠየቀ ሰው አልነበረም።