የሙሉመቤት በርጩማ

ሙሉመቤት ታጥቦ የደረቀ ፋሻ ጉልበቷ ላይ እየዘረጋች ትጠቀልላለች። አውራ ጣቷ የተተረተረውን ክር ያስተካክላል፣ መዳፏ ያንከባልላል፤ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው ፊት ታያለች። ፋሻው እጇ ሥራ እንዳይፈታ ያህል ነበር።

ያኔ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። እዚያ እየዋለች ለበሽተኛ እንድትናገር የመረጣት የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ነው፤ ደመወዝ የለውም። ከገጠር የሚመጣው ሰው አማርኛ አይሰማም፣ ሐኪሙ ሲዳምኛ አይሰማም። እሷ አለታ ወንዶ ተወልዳ ስላደገች ሁለቱንም እኩል ትናገራለች። ከማስተርጎሙም ሌላ፣ ተራው የተዘለለውን፣ ወለል ላይ የተረሳውን፣ ፈርቶ ዝም ያለውን አይታ ትጮህለታለች። ነርሷ ሲስተር ሮማን «ምላሳችን መጣች» ትላት ነበር፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ምሬት። እኔ የማውቃት በመሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ሆነን ፊደል ስንቆጥር ነው። እዚያም ቢሆን ያልገባንን አስተማሪው እንዲደግምልን የምትጠይቀው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዳንጊሴ የምትባል ልጅ እግር ሙሽራ በቃሬዛ መጣች። ተሸክመው ያመጧት ጎረቤቶች አስቀምጠዋት ወጡ፤ የባሏ አባት አቶ ዱካሌ ግን ራስጌዋ ቆሙ። ሲስተር ሮማን ምን እንደሚያማት ጠየቀቻት፤ ሙሉመቤት በሲዳምኛ ደገመችላት። ልጅቷ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ ዝም አለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም፣ የኔ እመቤት?» አለቻት ሲስተር ሮማን። ሙሉመቤት ይህንንም ደገመችላት፤ ልጅቷ ሻሿን ይበልጥ ሳበችው።

ሙሉመቤት ወደ ሽማግሌው ዞረች። ታላቅ ቆሞ ሳለ ታናሽን ማዋከብ ነውር ነው፤ ሁላችንም ያደግነው እንዲያ ነው። እሳቸውም የበላችው ምግብ እንዳልተስማማት፣ ሆዷን እየቆረጣት እንደሆነ ነገሯት። ያንኑ ለሲስተር ሮማን አቀበለች። የሆድ ቁርጠት ትንሽ ቢጠብቅ ምንም አይደል ተባለና ቃሬዛው ግድግዳ ሥር ተደረገ።

ሙሉመቤት ወደ ፋሻዋ ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ቀና ስትል የልጅቷ ከንፈር አመድ መስሏል። ሆዷን እንደሚቆርጠው ሰው ሆዷን አልያዘችም፤ የለበሰችውን ጋቢ በሁለት እጇ ጭኗ መሃል ወትፋ ጨብጣዋለች። ዓይኗ አንዴ ሙሉመቤትን፣ አንዴ የአማቷን እግር ያያል። ሙሉመቤት ያኔ ገባት። እነሱ አገር አዲስ ሙሽራ እንኳን የሴት ነገር ልታወራ፣ በባሏ አባት ፊት ድምፅዋንም አታሰማም። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ለሽማግሌው ያላት አክብሮት ጋርዶባት ነው።

ፋሻውን አስቀምጣ ብድግ አለች።

«አባባ፣ እስቲ ውጭ ዛፉ ሥር ይቀመጡልኝ» አለቻቸው።

«ያመጣኋት እኔ ነኝ። ብትሞትስ ለአባቷ መልስ የምሰጠው እኔ አይደለሁም? ጥያት የት ልሂድ?»

«እርስዎ ካሉ አትናገርም። ካልተናገረች ደግሞ ትሞትብናለች።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ዳንጊሴ በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀችም። ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው፤ አሁን ዓይኗ እየጨለመባት ነው።

ሐኪሙ በዚያ ሰዓት የመኪና በር ጣቱን የቆነጠጠው ካድሬ ቁስል ይሰፋ ነበር። ሙሉመቤት ሳታንኳኳ ገባችና «ሆድ ቁርጠት ያልኩት ስህተት ነው፣ ልጅቷ እየደማች ነው» አለች። ካድሬው ሳቀባት።

«እናት፣ ቅድም አንድ አልሽ፣ አሁን ሌላ ትያለሽ። የትኛውን እንመን?»

«የቅድሙ የእኔና የሽማግሌው ነው። የአሁኑ የራሷ ነው።»

ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ።

ዳንጊሴን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። አቶ ዱካሌ ዛፉ ሥር ቆመው ዋሉ፤ ሙሉመቤትም አጠገባቸው ቆመች። ፅንሱ ጠፋ። ልጅቷ ተረፈች።

በሳምንቱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሸዋንግዛው ስብሰባ ጠርተው፣ ሙሉመቤት ተነስታ ግለ ሂስ እንድታደርግ አዘዟት። የፈለጉት ጓድ ካድሬውን አመናጨቅሁ፣ ሥራ አደናቀፍሁ እንድትል ነው። ከእንዲህ ያለ ስብሰባ ወጥቶ ቤቱ ያልገባ ሰው እናውቅ ስለነበር ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«በሽተኛዋ ዓይኔ ሥር ተኝታ የሌላ ሰው ቃል የእሷ ነው ብዬ አቀበልኩ። ሞታ ቢሆን አንዷ ገዳይ እኔ ነበርኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላ አላውቅም» ብላ ተቀመጠች።

አላሰሯትም። ሆስፒታሉ በር እንዳትደርስ ግን ታገደች፤ በርጩማዋም ከቦታው ተነሳ፤ በእሷ ምትክ የተመረጠ ሰው አልነበረም። ሲስተር ሮማን የታጠበ ፋሻ ከከተማችን ፒያሳ ጀርባ ወዳለው ቤቷ በዘንቢል ትልክላት ነበር፤ እኔም እየሄድኩ አብሬያት እጠቀልላለሁ። በመንገዱ ቃሬዛ ሲያልፍ በሰማች ቁጥር እጇ ይቆማል።

«አሁን ይችን ማን ይጠይቅላታል?» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ እናንተን አንባቢዎቼን እለምናለሁ። ሚስታችሁን፣ ምራታችሁን፣ ልጃችሁን ሐኪም ዘንድ ስታደርሱ፣ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈጥናችሁ አትመልሱላት። መጀመሪያ ውጡላት።