ኩፍኝ የያዛት ስልክ

ስልክ መስታወት ላይ ሲንቀጠቀጥ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ይጮኻል። ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ከተማ ባለችው ሱቄ አንድ ደንበኛ ገባና ስልኩን እጁን እንዳቃጠለችው ሁሉ ባንኮኒው ላይ ጣላት። ፊቷ ቀይ ብርሃን ለብሷል። «ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል፤ አሁኑኑ ያጽዱ» ይላል፤ ከሥሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል።

«ሊያልቅላት ነው መሰለኝ» አለኝ።

«ምንም አልሆነችም፤ ማስታወቂያ ነው» ብዬ ገጹን ዘጋሁለት።

«በቃ?» አለ፤ ቅር ያለው መሰለኝ። ሰው እንዲህ ከፈራው በሽታ በአንድ ጣት መዳን አይዋጥለትም።

ለሁሉም የምለውን አልኩት። «ሌባ ቤትህ ሲገባ መጣሁ ብሎ ይጮኻል? የምር ቫይረስ ከሆነ ዝም ብሎ ነው የሚበላህ። ይሄ የሚጮኸው እንድትጫነው ነው። ‹ቶሎ በል፣ ሊያልቅ ነው› የሚልህን ነጋዴ እኔ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ካልተጫንከው ምንም አያደርግህም።»

ስቆ ሄደ። እኔን ግን የመጨረሻዋ ቃል ሁልጊዜ ምላሴ ላይ ትመርረኛለች። ያ ነገር አንድ ጊዜ፣ ማንም ሳይጫነው፣ እኛ ቤት ገብቶ ነበር።

ያኔ ጢሜ ገና በቅጡ አልበቀለም። ውጫሌ፣ መናኸሪያው አጥር ሥር፣ በአንዲት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ዘርግቼ እሸጥ ነበር፤ በሚሞሪ ዘፈንም እጭናለሁ። አገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሬዲዮ አያስፈልገኝም ነበር፤ ሰሌዳዬ ይነግረኛል። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሰዉ የሰርግ ዘፈን ነበር የሚያስጭነው። ቀጥሎ ቀረርቶ ሆነ። በመጨረሻ ዘፈን የሚጠይቅ ጠፋና ሁሉም የእጅ ባትሪ ብቻ ይገዛ ጀመር።

እናቴ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ሥር ባለች መንደራችን ነበረች። ታላቅ እህቴ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ለእናቴ ስልክ የላከችላት ወደ አገሯ በምትመለስ ልጅ እጅ ነበር፤ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ መጣች፤ እስከ ብዙ ጊዜ ድረስ የማናውቀው የልብስ ሳሙና ትሸት ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የተማረችው ድምፅ የሚያሰማውን ምልክት መንካት ብቻ ነው። ዐርብ ከሰዓት ማዳሟ ስትተኛ እህቴ ትደውላለች፤ በሌላው ቀን ድምፅ ትልካለች። የምታወራው በሹክሹክታ ነው፤ ከኋላዋ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል።

«እምዬ፣ ዛሬም ለጎረቤት ስታሰሚኝ ዋልሽ አይደል? እኔ እኮ ሬዲዮ አይደለሁም።»

«ሬዲዮ ብትሆኚማ በዘጋሁሽ» ትላለች እናቴ፤ ስቃ አትጠግብም።

አንድ ቀን አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ መንዙማ ላውጣልሽ ብሎ ስልኳን ሲነካካ ያ ቀይ ገጽ መጣ። በመንደሩ ፊደል የቆጠረ እሱ ነውና የቀበሌ ማስታወቂያ በሚያነብበት ድምፁ አነበበላት። «ውድ ደንበኛ ሆይ፣ የእርስዎ ስልክ በጣም ታሟል። ሁሉም ምስሎች እና ድምፆች ይሞታሉ። ለማዳን አሁን ተጫን።» አማርኛው ራሱ ሕመምተኛ ነው፤ እኔ ብሰማው ከዚያ አላልፍም ነበር። እናቴ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማችው አንዲት ቃል ነው፤ ድምፆች።

አጎቴ ሊጫን ጣቱን ሲያነሳ ነጠቀችው። «ተው፣ አትንካት። ከየት እንደመጣ የማታውቀውን መድኃኒት አታጠጣብኝ።»

እዚህ ላይ ከደንበኞቼ ሁሉ በለጠች። አልተጫነችውም። ከዚያ በኋላ ግን ለታመመና ለሚወደድ ነገር የምታውቀውን አደረገች።

ልጆች ሳለን እህቴን ኩፍኝ ይዟት ነበር። እናቴ ጓዳ አስተኝታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈነችው። ሽንኩርት ማቁላላት ተከለከለ፤ ፀሐይ መትቶት የመጣ ሰው ወዲያው አይገባም። እኔ በሩ ሥር እቀመጥና እህቴ ከጨለማው ውስጥ «ውጭው እንዴት ነው?» ትለኛለች። በሬው ምን እንዳደረገ፣ ማን ከማን እንደተጣላ እነግራታለሁ። ድና ስትወጣ ከብርሃኑ የተነሳ ዐይኗን በሁለት እጇ ሸፍና ስትስቅ ትዝ ይለኛል።

ስልኳንም እዚያው ጓዳ አስተኛቻት። አጠፋቻት፣ በጥቁር ሻሽ ጠቀለለቻት፣ ከጎታው ኋላ፣ ብርሃን ከማያገኛት ቦታ። ወጥ ውጭ ይሠራ ጀመር።

ወሬው በገበያ ቀን ውጫሌ ደረሰኝ። ያመጣችው ጎረቤታችን ነች።

«እናንተ ቤት ስልክ ታማ ተኝታለች።»

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

«ትስቃለህ? ወላሂ፣ እኛም እኮ በደጃችሁ ስናልፍ በጣታችን ነው የምንራመደው።»

«ምንም አልሆነችም፤ የውሸት ነው፤ ክፈቻት ብሎሻል በያት» ብዬ ላክኋት።

ምላሹ በማግሥቱ በሌላ ሰው መጣ። «አንተ ቻርጀርህን ሽጥ።»

እህቴ የምትደውልባት ዐርብ እንዲህ አለፈች። ከዚያ በኋላ ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጉረመርም ይሰማ ጀመር፤ አስፋልቱ ፍራሽና ሕፃን ባዘለ ሰው ሞላ። ሰሌዳዬን አጥፌ በጀርባዬ አዝዬ፣ ሰው ወደ ደሴ ሲሸሽ እኔ ወደ እናቴ ወጣሁ።

እናቴ በሩ ላይ አስቆመችኝ። «ፀሐይ መትቶሃል። ትንሽ ቀዝቅዝና ትገባለህ።»

ጦርነት ከኋላዬ እየመጣ፣ በገዛ ቤቴ ደጃፍ፣ ለአንዲት ስልክ ስል ተቀመጥኩ። ከዚያ ገባን። ጓዳው የእህልና የአቧራ ሽታ ነበረው። ሻሹን ፈታሁ፣ ማብሪያዋን ተጫንኩ፣ ብርሃኑ የእናቴን አገጭ ከታች አበራው። የእህቴ ፎቶ አለ። የድሮ ድምፆቿም ሁሉ አሉ፤ አንዱን አሰማኋት።

«አየሽ እምዬ? መጀመሪያም አልታመመችም። ውሸት ነው።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች፤ እኔን እየሰማች እንኳ አልነበረም። «ድናለች።»

ተሳሳቅን። ስቄ ሳልጨርስ ነው ስልኳን ቀና አድርጌ ያየሁት፤ ኔትወርክ የለም። ወደ ግቢ ይዣት ወጣሁ፤ ከግቢው በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጣሁ፤ የለም። በአካባቢው ሁሉ ተቆርጧል።

ስለ ተከተሉት ወራት ብዙ አላወራም፤ እዚያ የነበረ ሁሉ የየራሱ አለው። መብራቱም ሄደ፤ ባትሪዋ አልቆ እናቴ ደረቷ ውስጥ ይዛት ትዞር ነበር።

ጦርነቱ አልፎ ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት እናቴን ይዤ ሐይቅ ወረድኩ። ስልኳን ሞልቼ እንደከፈትኳት ጠረጴዛው ላይ እንደዚያ የጠርሙስ ዝንብ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ የታጨቁት ድምፆች ገቡ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ሳቅ አለበት። «እምዬ፣ ዘጋሽኝ? በቃ ሬዲዮ ሆንኩ ማለት ነው።»

ሁለተኛው ሳቅ የለውም። «አንድ የሐበሻ ደላላ ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አለ ይላል። ከማዳም ቤት ጠፍቼ ነው የምሄደው። ሰውየውን ልቤ አልወደደውም፤ እዚህም ግን አልቻልኩም። ዐርብ እደውላለሁ። አንዲት ቃል ብቻ በይኝ። ተይ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

በሦስተኛው ከኋላዋ የሚሰማው ማቀዝቀዣ ሳይሆን የመኪና ሞተር ነው። «ደጋግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው ይላል። ዝም ካልሽ ሂጂ ማለትሽ ነው አይደል እምዬ? ዱዓ አድርጊልኝ።»

አራተኛ የለም። ቁጥሯን ስንደውል አንዲት ሴት በዐረብኛ ሁልጊዜ ያንኑ፣ ዝግ ነው፣ ትላለች። ከዐረብ አገር የሚመለሱትን ልጆች ሁሉ ጠይቀናል። አንዷ ከሩቅ ያየኋት መሰለኝ አለች፤ ቆይታ ደግሞ እሷ አይደለችም አለች።

አንዳንዴ እናቴ ያን ቀን ብትጫነው ኖሮ እላለሁ። ቢበዛ ስልኳ ውስጥ ቆሻሻ ማስታወቂያ ይራባ ነበር፤ ክፍት ግን ትሆን ነበር። ብልጧ ሴት ከአጭበርባሪ ያዳነቻት ስልክ ለልጇ ተዘጋች። ለደንበኛ ይህን አልነግርም። አትጫን እላለሁ፤ ትክክልም ነው።

አሁን እናቴ እዚህ ሐይቅ፣ ከሱቄ ጀርባ ካለው ክፍል ከእኔ ጋር ትኖራለች። ስልኳ አርጅታ ጀርባዋ አብጧል። ጠፍታ አታውቅም። ቀን ሙሉ ወደ ሐይቁ በሚያየው መስኮት ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። «ብርሃን ይያት» ትላለች እናቴ። ፀሐይ ባትሪ እንደሚገድል የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ዐርብ ከሰዓት ግን ይዛት ወደ ሱቁ ትመጣለች። ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ባንኮኒው ላይ አስቀምጣልኝ ትቆማለች።

«እስኪ ደህና አድርገህ እያት። ታማ እንዳይሆን። ደህና ብትሆንማ እንዲህ ዝም አትልም።»

አነሳታለሁ። አገላብጬ አያታለሁ፤ እፍ እላታለሁ፤ አንዱን ከፍቼ ሌላውን እዘጋለሁ። ቀይ ገጽ የለም። እንደ ወተት ንጹህ ናት። ያገሩን ሰው ሁሉ «ውሸት ነው፣ አልታመመችም» እያልኩ የምመልስ ሰው እናቴን ቀና ብዬ አላያትም።

«አዎ እምዬ» እላታለሁ። «ትንሽ አሟታል።»

ፊቷ ቀለል ይላል። «ትድናለች?»

«አብሽሪ፤ ትድናለች።»

በሁለት እጇ ትቀበለኝና ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃባት እንደምትፈራ፣ ፀሐይዋ ወደ ዞረችበት መስኮት ትወስዳታለች።