ጭሱ አንቺ ጋ አይደርስም

ኮሌጅ ጨርሼ ከሞጣ ቢቸና ስመደብ፣ የተሰጠኝ ጠረጴዛ ከአንድ አዛውንት የሒሳብ ሠራተኛ ፊት ለፊት ነበር። ጋሼ እላቸው ነበር። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ጨዋና ተጫዋች። ሲጋራ ግን አንዱን ከአንዱ እየለኮሱ ነው የሚውሉት። ልጅ ሆነው ቅኔ ቤት ስለነበሩ ክርክር ነፍሳቸው ነው።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ ጭሱ እያስቸገረኝ ነው» አልኳቸው።

«መስኮቱ ክፍት ነው እኮ ልጄ። ጭስ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ አንቺ ጋ አይደርስም።»

«ጣሪያው ሲመልሰውስ? መስኮቱም ቢሆን ከእርስዎ ጀርባ ነው፤ ነፋሱ እየገፋ ወደ እኔ ነው የሚያመጣው።»

ሳቁ። በማግስቱ ሌላ መከራከሪያ ይዘው መጡ።

«የማገዶ ጭስ ስትጠጪ አይደል ያደግሽው? ያ ያልጎዳሽ ይሄ ምን ያደርግሻል?»

«ያም ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነው የኖረው። የአንዱ ጭስ መጥፎነት ሌላውን ደግ ያደርገዋል እንዴ?»

«አባቴ ጋያ ሲያጨሱ ኖረው፣ ሸምግለው ነው የሞቱት።»

«አንድ ሰው የሞላ ወንዝ በዋና ተሻገረ ተብሎ ሁላችንም እንግባ ይባላል?»

ሁልጊዜ ግን አልረታም ነበር። «ሳሌ ከእርስዎ ሲጋራ ነው» ስላቸው፣ «ሥልጠና ሄጄ በነበረበት ሳምንትም ስታስዪ ሰነበትሽ አሉኝ» አሉ። እውነት ነበር።

ለፋሲካ ሞጣ ገባሁ። እናቴ ሹራቤን ልታጥብ አንስታ አሸተተችውና ፊቷ ተለዋወጠ። «የቢሮ ሰው ነው የሚያጨሰው» ብላት አላመነችኝም። እኔ ወደ ሥራዬ በተመለስኩ በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍራ መጥታ የቢሯችን በር ላይ ቆመች።

«ልጄን ሲጋራ ያስለመዳት ማነው?»

ጋሼ ብድግ አሉ። ሲጋራው እጃቸው ላይ ነው።

«ኧረ እመቤቴ! ልጅዎ በጭራሽ አታጨስም! የእኔ ጭስ ነው ልብሷ ላይ የሚያርፈው። እዚህ ተቀምጬ ሳጨስ እሷ ጋ ይደርስና…»

አፋቸውን ያዙ። እኔ አቀረቀርኩ፤ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቃል?» አለች እናቴ፣ ተራ በተራ እያየችን።

ጋሼ ሲጋራውን አጥፍተው ወንበራቸውን ለቀቁላት። «ተረታሁ እመቤቴ። ስንት ጊዜ የካብኩትን ክርክር በገዛ አፌ ናድኩት።» ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሲያጫውቷት እሷም ሳቋ መጣ። ለእኔ የያዘችውን ዳቦ ለእሳቸውም ቆርሳ ሰጠቻቸው።

ማጨሱን አልተዉም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ግቢ ወጥተው ባሕር ዛፉ ሥር ሆነ የሚያጨሱት፤ በክረምትም ዣንጥላ ዘርግተው እዚያው ይቆማሉ። አንዳንዴ ለሁለታችን ሻይ ይዤ እሄድና፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሜ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ስለ ሌላ ስለ ሌላው እንከራከራለን።