የላይኛው መስመር

ያሳሰረኝ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ነው። ጊዜው የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ነበር፤ ያን ሰሞን ሰውን ለማሰር አንድ ወረቀት ይበቃ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የት እናስተምር እንደነበር የሚያውቅ የጋይንት ሰው እሱንም ያውቀዋል።

ከክፍል ነው የወሰዱኝ። ጠመኔው በእጄ ነበር፤ ጣቢያ እስክደርስ አልጣልኩትም። የሴቶች ክፍል የሚሉት ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ነፋሱ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል እንደ ልቡ ይገባል። ጥጉ ላይ የገብስ ገለባ ሳይጠረግ ቀርቷል፤ ቤቱ አሮጌ ጆንያና አይጥ ይሸታል።

ውስጥ አንዲት ሴት አገኘሁ። የስማዳ ገበሬ ናት፣ የእኔ እኩያ። ከባሏ ወንድም ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልታ በድንጋይ መትታዋለች። ተጠግታ ግማሽ ጋቢዋን ለቀቀችልኝ።

«አንች ደግሞ ማንን ፈነከትሽ?» አለችኝ።

«ማንንም። ለተማሪዎች ድራማ አዘጋጀሁ።»

«ድራማ ያሳስራል?»

«ንጉሥ የሚገደልበት ነው።»

«የትኛው ንጉሥ?»

«የጥንት ነው፣ የባሕር ማዶ።»

«ታዲያ ተዝካሩ ከተበላ ስንት ዘመኑ። አሁን ማን አስታወሰው?»

ስትጠይቀኝ ታሪኩን ነገርኳት። ንጉሡ እያደር ጨካኝ ይሆናል። ሹማምንቱ ሊያጠፉት ይዶልታሉ። እሱ ግን ከአንድ የልብ ወዳጁ እጅ ካልሆነ በቀር አይጠጣም። ስለዚህ ወዳጁን ይለምኑታል፣ ያስፈራሩታል፣ አገር እየጠፋች ነው ይሉታል። ሰውዬው ከራሱ ጋር ሲሟገት ይከርምና በመጨረሻ ለአገሩ ብሎ መርዙን በጽዋ ያቀብላል።

«አገር ጠየቀችው?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«አጠጣልኝ ብላ ለመነችው ወይ? ወይስ እሷን ሆኖ የተናገረውም የሰማውም እሱ ነው?»

ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ከተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶብኝ አያውቅም።

«ከዚያስ ዳነች?»

«አልዳነችም።»

«እንግዲያውስ» አለችና ጋቢውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ያንን ወዳጅ ሆኖ የሚሠራው ምክትላችን ነበር። ረጅሙን ንግግር የሚሸከም ተማሪ ሳጣ እኔ ልሥራው አለኝ። ይችልበት ነበር፤ ይህን አልክድም። ማን ማንን ሆኖ እንደሚሠራ ዝርዝሩን የጻፍኩት በእጄ ነው። የማባዣው ቀለም ስላለቀ ከሥሩ ካርቦን አድርጌ ነበር። ከላይ የድራማው ርዕስና የእሱ ስም፣ ከታች የሰባት ተማሪዎች ስም፤ ሴረኛ አንድ፣ ሴረኛ ሁለት እያለ ይወርዳል። ዋናውን ለእሱ ሰጠሁት። ቅጂውን ለንጉሡ ካባ ባዘጋጀሁት የአልጋ ልብስ ጠቅልዬ እቤቴ አስቀመጥኩ። ቤቴን የፈተሹ ጊዜ ያገላበጡት መጻሕፍቱን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ሥርዓት ያውቃል፤ ወንበር ሳበልኝ።

«መምህር፣ ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?»

የእኔ ነው። የላይኛው መስመር ግን የለም። በማስመሪያ ተይዞ፣ ቀጥ ተደርጎ፣ በምላጭ ተቆርጧል። ርዕሱም አብሮ ሄዷል። የቀረው የልጆቹ ስምና ሴረኛ የሚለው ቃል ነው።

«ሴረኛ ሦስት ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«በር ይጠብቃል። ‹መጡ› ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም። ያቺንም ቃል ይረሳታል።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። «የተቆረጠው ላይ ማን ነበር? ዋናውን ሰው ካገኘሁ ልጆቹን አልነካም። ካልሆነ ነገ ሰባቱንም ከክፍል አስወጣቸዋለሁ።»

የዚያ ሰው ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ወረቀቱን ያመጣው እሱ ነው። ብጠራው፣ ቅጂውን ባሳይም፣ ጽሕፈቱ የእሷ ነው ብሎ ይክዳል፤ ለማጣራት ደግሞ የሚጠሩት ልጆቹን ነው። አንዴ በምላጩ፣ አንዴ በልጆቹ፣ ሁለት ጊዜ እንደቆረጠኝ የገባኝ ያኔ ነው።

«እኔ ነበርኩ፤ የንጉሡን ወዳጅ ሆኜ የምሠራው» አልኩ።

«የንጉሡ ወዳጅ ወንድ አይደለም እንዴ?»

«ጽዋ ሴትም ታቀብላለች።»

ብዕሩን ተቀብዬ ከቁራጩ በላይ ቦታ ስላልነበረ ስሜን በጎን ጻፍኩና ፈረምኩ።

ስመለስ ሴትዮዋ «ምን አደረግሽ?» አለችኝ።

«የሌላ ሰው ድርሻ ወሰድኩ።»

«ልክሽ ሆነ?»

«ጠበበኝ።»

ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ልጆቹን ለማዳን እሱን አብሬ ማዳን ነበረብኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ልጆቹን ማንም አልጠራቸውም። በመስከረም ወደ ሥራ ስመለስ እሱ ርዕሰ መምህር ሆኗል። በረንዳው ላይ ጠብቆ፣ «እትዬ፣ ለትምህርት ቤቱ ብዬ ነው፤ ሊዘጉብን ነበር» አለኝ።

«ትምህርት ቤቱ ጠየቀህ?» አልኩት።

ወደ ቢሮው ገባ። ከዚያ በኋላ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

ሰዎች ይቅር በይ ይሉኛል። እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ያሉት የንስሐ አባቴም ብለውኛል። «አባ፣ እሱ መች ለመነኝ?» አልኳቸው። ያቺ የስማዳ ሴት ብትኖር ምን ትል እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።

ሰባቱም ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄዱ። ጡረታ በወጣሁ ዕለት ጠዋት የካርቦኑን ቅጂ ከአልጋ ልብሱ አወጣሁት። በማስመሪያና በምላጭ የልጆቹን ስም ከታች ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። የላይኛውን መስመር፣ ርዕሱንና የእሱን ስም፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በአራት ፒን ሰካሁት። የቁም ሳጥኔን ቁልፍ አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።